አንጀቴና የተቆለፈው የፒያሳ መጸዳጃ ቤት

ለተከበሩ የወረዳችን የጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ ሆድዎም ሰላም ይሆን ዘንድ እየተመኘሁ፣ ባለፈው ወር ጸሐፊዎ እንድጽፍ ያዘዙኝን ማመልከቻ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ በአክብሮት አቀርባለሁ። ስሜ ዘርዓብሩክ ነው፤ ፒያሳ ላይ አርባ ዓመት ወርቅ የሠራሁ፣ በቅርቡም ህንድ አገር ለፕሮስቴት ካንሰር በፕሮቶን ጨረር ታክሜ የተመለስኩ ሰው ነኝ።

፩ኛ/ ሐኪሞቹ ስለ አንጀቴ ያልተጨነቁት ጭንቀት የለም። ጨረሩ እንዳይነካው በፕሮስቴቱና በአንጀቱ መካከል ጄል የሚሉትን ዝልግልግ መከለያ አኖሩ፤ በየሕክምናው ቀን አንጀቴን ባዶ፣ ፊኛዬን በውኃ ሙሉ አድርጌ እንድተኛ አስተማሩኝ። ስሰናበት ሐኪሜ፣ አንጀቴ ብዙም እንዳልተጎዳ፣ ግን ለጥቂት ሳምንታት ድንገት ሊያጣድፈኝ ስለሚችል ከመጸዳጃ ቤት እንዳልርቅ መከሩኝ። እርስዎ በመስከረም ያስመረቁት መጸዳጃ ቤት ከሱቄ ሃምሳ እርምጃ ላይ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ፈገግ አልኩ።

፪ኛ/ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አጣደፈኝ። ስደርስ በሩ ተቆልፏል። ጥበቃው ጎይቶም አንገቱን ደፍቶ፣ እንዳይቆሽሽ ተብሎ መቆለፉን፣ ቁልፉም እርስዎ ዘንድ መሆኑን ነገረኝ። መጸዳጃ ቤትን ከተጠቃሚ ጠብቀው ንጽሕናውን ስላስከበሩ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጥርሴን ነክሼ ወደ ቢሮዎ ሦስት ፎቅ ወጣሁ፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዎ ማመልከቻ ጽፌ ሰኞ እንድመለስ በትሕትና ነገሩኝ። አንጀቴን እስከ ሰኞ እንዲታገሰኝ ለመንኩት፤ እሱ ግን የቢሮ አሠራር አያውቅም።

፫ኛ/ ስወርድ ጎረቤቴ ነጂባ፣ ወርቅ ሻጯ፣ ለሙሽሮች ቀለበት ታሳይ ነበር። ፊቴን አንዴ አይታ ቀለበቱን ባንኮኒው ላይ ተወችና፣ «ጋሼ ዘርዓብሩክ፣ ወደ ጓሮ ይለፉ፤ ሰላምታው በኋላ ይደርሳል» አለችኝ።

ለጥቂት ደረስኩ። ስወጣ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ሙሽሮቹም አቀርቅረው ቀለበት ይመርጡ ነበር። በስልሳ ስምንት ዓመቴ ካንሰር ያላስለቀሰኝን ሰው ያ ዝምታቸው አስለቀሰኝ።

ዛሬ አንጀቴ ተረጋግቷል፤ ሐኪሜም በስልክ ሰምተው ደስ ብሏቸዋል። እንግዲህ የምለምንዎ ለራሴ አይደለም፤ በዚያ በር አጠገብ ስንት የስኳር ሕመም ያለበት፣ ስንት ነፍሰ ጡር ሲያልፍ ይውላል። ያስከፍቱልን።

ለስብሰባዎ ፍጻሜን፣ ለሆድዎ ጽናትን የሚመኝ፣
ታዛዥ ነዋሪዎ ዘርዓብሩክ

ማስታወሻ፦ ነጂባ ከሰሞኑ በሯ ላይ «ሕመም ያለበት ሳይጠይቅ ይግባ» የሚል ካርቶን ሰቅላለች። ኮሚቴ አላቋቋመችም፤ በጀትም አልተመደበላትም። የፈጀባት አንድ እስክሪብቶና አምስት ደቂቃ ነው።