የአሥራ አንድ ሰዎች ስም

ጥቅምት 7
ዛሬም ቢሮው ሰው አላጣም። ቢሮ ስል... የአባቴ ሳሎን ነው። እሱ ካረፈ ሃያ ሁለት ዓመት፤ ያኔውኑ ለእስረኛ ቤተሰቦች ከፈትኩት። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ጠበቃ እናቆማለን። ሦስት እናቶች መጡ። ማተሚያው ቀለም ጨርሷል። ሌላ ወሬ የለም።

ጥቅምት 10
ከፖሊስ ደብዳቤ መጣ። እስር ቤት ውስጥ ተደበደብን ብለው ያመለከቱ የአሥራ አንድ ሰዎችን ስምና አድራሻ እስከ ዓርብ እንዳስረክብ። አለበለዚያ ቤቱ ይታሸጋል። ሁለቴ አነበብኩት። ለጠበቃችን አሳየኋት።
"ሕጉ አያስገድድዎትም፣ እትዬ።"
"ማሸጉንስ ያሽጉታል?"
ደብዳቤውን አጣጥፋ መለሰችልኝ።

ጥቅምት 11
ወንድሜ መጣ። ሳይቀመጥ ጀመረኝ።
"የአባታችን ቤት እኮ ነው! ለማታውቂያቸው ሰዎች ብለሽ?"
"አውቃቸዋለሁ።"
"አንቺ ስትታሰሪ የሚጠይቅሽ ማነው ታዲያ?"
 በሩን ወርውሮት ሄደ። እውነቱን ይሆን? በስልሳ አራት ዓመቴ እስር ቤት...

ጥቅምት 13
ቁርስ ላይ ነበርኩ። ድንገት ግን... ስማቸው ያለባቸው ማመልከቻዎች የኔ ናቸው እንዴ? የባለቤቶቹ አይደሉም? ለምን አልመልስላቸውም?
ከጠበቃዋ ጋር ቀኑን ሙሉ በየቤታቸው እየዞርን አስረከብን። ከአሥራ አንዱ አንዱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ፋይሉን ከጨርቅ ክምር ሥር ሸጎጠው። "ለእኔ ብለው እንዳይታሰሩ፣ እማማ" አለ። እስር ቤት የተሰበሩት ጣቶቹ ዛሬም አልተዘረጉም። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ የሚከታተለን ይመስለኝ ነበር።

ጥቅምት 14
ሦስት ፖሊሶች መጡ።
"ዝርዝሩስ?"
"የለም።"
አለቃቸው የማመልከቻዎቹን ቁም ሣጥን ከፈተ። ባዶ።
"ይቀልዳሉ እንዴ?"
"ምን እቀልዳለሁ፣ ልጄ። ስማቸውን ግን ከእኔ አትሰማም።"
ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። ቤቱን አሸጉት። ሹራቤን እንኳ ላውጣ ብል እንቢ አሉ። ደጅ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ኅዳር 2
ወንድሜ ቤት ነኝ። ቤቱ የታሸገ ዕለት መጥቶ ይዞኝ ሄደ። ክስ አይቀርልሽም ይሉኛል። መኪና በቆመ ቁጥር መጋረጃ ገልጬ አያለሁ።
ጠዋት አንዲት እናት ጠይቃ ጠይቃ እዚህ ደረሰች። ልጇ ከተያዘ ስምንት ቀኑ፤ የት እንዳለ አታውቅም። እኔ ወንድሜን ወንድሜን አያለሁ። እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆሟል... በቃ ሊያባርራት ነው አልኩ።
የምግብ ጠረጴዛውን ጠረገ። መነጽሩን አደረገ። ወረቀት አወጣ።
"አረፍ ይበሉ፣ የኔ እህት" አላት። "የልጅዎን ስም እስከ አያቱ ይንገሩኝ።"