ባዶ የሚተወው ጥግ

ውድ ልጄ፣

መርዶህ የደረሰኝ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። አንሶላህን አጥቤ ሳሰጣ አብሮህ ዕቃ የሚጭነው፣ ያ «ወሬኛው» የምትለው፣ በሩ ላይ ቆሟል። አንሶላውን ገመዱ ላይ ትቼ ወደ እሱ ሄድኩ።

«እማማ፣ ቁጭ ይበሉ።»

«ቆሜ ልስማው።»

«ሣጥን ተናደበት።»

ቀሪውን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

ሥራህን አስረድተኸኝ ነበር። ዕቃው አንድ በአንድ እየመጣ መኪና ላይ ይጫናል። ቀጥሎ የሚመጣውን አታዩም፤ አንዴ የተቀመጠ ደግሞ አይነሳም። ኮምፒውተሩ ያለፉትን ቀናት አይቶ «አሁን ከባድ ይመጣል»፣ «አሁን ቀላል» እያለ ይገምትላችኋል። ብዙውን ጊዜ ያገኘዋል፤ አንዳንዴ ይስታል። ስለዚህ አንተ ከመኪናው ወለል አንድ ጥግ ባዶ ትተህ ትጭን ነበር፤ ያልታሰበ ከባድ ሣጥን ከመጣ ታች እንዲያርፍ። «ይሄ ለኮምፒውተሩ ውሸት የተያዘ ቦታ ነው፣ እማዬ» ብለህ ሳቅክ።

አለቃህ ግን «አየር ጭነህ ትልካለህ፤ ሁለተኛ እንዳላይ» አለህ። እሁድ ምሳ ላይ ይህን ስትነግረኝ ምን አልኩህ? «ኮምፒውተሩ ካንተ ያውቃል። ከሰው አትጣላ። በሞቴ፣ ያን ጥግ ሙላው!»

በሞቴ ብዬህ እምቢ ብለኸኝ አታውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ከባዱ አልቋል አለ። ወለሉን ጥግ ድረስ በቀላል ካርቶን ሞላኸው። ኋላ አራት የብረት ሣጥን መጣ። ታች ቦታ ስለሌለ ካርቶኑ ላይ ጫናችሁት። ካርቶኑ ተጨፈለቀ፤ ብረቱ አንተ ወዳለህበት ወረደ።

ወሬኛው «ጥጉን ሲሞላ ‹ዛሬ ምን ነካህ?› ብዬው ነበር» አለኝ። «‹እማዬ በሞቴ ብላኛለች› አለኝ።» ሊያጽናናኝ ብሎ ነው የነገረኝ።

አለቃህም ለቅሶ መጣ። «ግምት ነው እንግዲህ፣ እናቴ፤ ይሳሳታል» አለ። ልቆጣው ተነሳሁና መልሼ ተቀመጥኩ። እኔስ ከእሱ በምን እሻላለሁ?

ይቅርታ ልጠይቅህ ስንት ቀን ይህን ወረቀት ጀምሬ ተውኩት። በየት በኩል እንደሚደርስህ አላውቅም። ለመጸለይ ስነሳም አፌ ላይ የሚመጣው ያ «በሞቴ» ነው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እባካችሁ እናንተ ጸልዩለት። ስሙን ባታውቁትም ግድ የለም። እናቱን የሚሰማ ልጅ ነበር ብላችሁ ለፈጣሪ ንገሩልኝ።

እናትህ