«አቁሙ» የሚል ወረቀት

ሰኞ

«አቁሙ» አለኝ በስልክ። «ይጻፉልኝ» አልኩት። ዘጋው። ከጠዋት ጀምሮ አራተኛ ጥሪያችን ነው።

ኢንጂነር መስፍን በአየር ማረፊያው ማስፋፊያ የአሠሪው ወኪል ነው። እኔ የጣሪያውን ብረት ቃሊቲ ቆርጦ በይዶ የሚያቀርበው ድርጅት ፕሮጀክት ማኔጀር ነኝ። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ መንገደኛ የለም፤ አውሮፕላኖቹ ተሳፋሪ እንዳጡ የመናኸሪያ አውቶቡሶች ተደርድረው ቆመዋል። ስለዚህ ሥራው እንዲቆም ይፈልጋል። ይገባኛል። በወረቀት ማለት ግን አይፈልግም።

በውላችን መሠረት የሚያስቆመው እሱ ከሆነ፣ በያጆቻችን ሥራው እስኪቀጥል በአሠሪው ወጪ ደመወዝ እየተከፈላቸው ይቆያሉ። ራሳችን ካቆምን ግን ጥፋቱ የእኛ ነው። የድርጅታችን ባለቤት ደግሞ ቁርጡን ነግሮኛል፦ እስከ ቅዳሜ የማቆሚያ ትዕዛዝ በጽሑፍ ካላመጣሁ አሥራ ስምንቱንም በያጆች ያሰናብታል።

ማክሰኞ

መስፍን ራሱ ቃሊቲ ድረስ መጣ። ማስኩ አገጩ ላይ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፤ ፊቱ መሃል የቀረው ጸባዩ ብቻ ነበር። ጥበቃው የእንግዳ መዝገብ ላይ ይፈርሙ ቢለው እምቢ አለ። የእንግዳ መዝገብ! ስለዚህ በር ላይ ቆመን፣ ሲኖትራክ አቧራ እያለበሰን ተጨቃጨቅን።

«እህቴ፣ መንገደኛ በሌለበት ጣሪያው ለማን ነው?»

«ላዘዘው ሰው። ይጻፉልኝና አቆማለሁ።»

«በቃል ተነግሮሻል፤ አለቀ!»

«በቃል የተነገረኝማ ብዙ ነው፤ የቀድሞ ባሌም ተናግሮ ነበር።»

አልሳቀም። ሲሄድ የበያጆቹ አለቃ ጋሽ ከድር ከውስጥ ብቅ አሉ። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ የሚፈራው እስክሪብቶ ነው እባብ?»

የዛሬ ድል፦ አልሰደብኩትም።
የዛሬ ሽንፈት፦ አልሰደብኩትም።

ረቡዕ

ካላስቆመኝ እቀጥላለሁ ብዬ አንድ መኪና ብረት ጭኜ ላክሁ። የአየር ማረፊያው የመጀመሪያ በር አሳለፈው። ሁለተኛው በር፣ «ጭነት እንዳይገባ ተብሏል» አለ። ማን አለ? «የበላይ አካል።» ይህ የበላይ አካል ፊርማ ሳይኖረው አገር የሚገዛ ፍጡር ነው።

ሾፌሩ ታሪኩ ዞሮ ሊመለስ ሲል የመጀመሪያው በር አላስወጣም አለው። እዚህ አገር ብረት ያለ መውጫ ወረቀት ከግቢ አይወጣም፤ የገዛ ብረትህም ቢሆን። ቅጹን አውቀዋለሁ፦ የዕቃው ዓይነት፣ ታርጋ፣ የሚወጣበት ምክንያት፣ የፈቃጅ ፊርማ፣ የተረካቢ ፊርማ፣ ማኅተም። ፈቃጁ መስፍን ብቻ ነው።

መኪናው በሁለት በር መሃል ቀረ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ «ምክንያት» የምትለዋ መስመር ትዝ አለችኝ። ንዴቴን አቁሜ ምሳዬን በላሁ።

ሐሙስ

መስፍን ቅጹን ሞልቶ ላከ። ምክንያት፦ «በአቅራቢው ጥያቄ»። ሾፌሩን ታሪኩን «ተረካቢ ብለህ እንዳትፈርም» አልኩት። ከሰዓት ሌላ መጣ። ምክንያት፦ «በአቅራቢው ስህተት»። ሰውዬው ልብ ወለድ መጻፍ ነበረበት።

መኪናው የመስፍን አለቆችን መኪና ማቆሚያ ዘግቷል። ሆን ብዬ አይደለም። ሳውቅ ግን አላዘንኩም።

ታሪኩ ደወለ። «ሚስቴ ኮዬ ፈጬ እኔን ትጠብቃለች፣ እኔ አንቺን፣ አንቺ ወረቀት። ወረቀቱ ደግሞ ማንን ነው የሚጠብቀው?» ሌላ ሾፌር ልኬ ወደ ቤቱ ሰደድኩት። ፍትሕ ቢኖር የሚቀይረው መስፍን ነበር።

ዓርብ

«መኪናሽን አንሺ!»

«መውጫ የለውም ኢንጂነር።»

«ሁለት ሰጠሁሽ እኮ!»

«ሁለቱም ውሸት ናቸው። አንዱን እውነት ያድርጉልኝ።»

ተሳደበ። ምን እንዳለ አልጽፍም፤ እናቴ ማስታወሻዬን ታነባለች ብዬ እጠረጥራለሁ። ረፋዱ ላይ የእሱ አለቃ መጥተው መኪናቸውን የሚያቆሙበት አጥተው መንገድ ዳር ትተው በእግራቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብረቱ ቃሊቲ ተመለሰ፤ ወረቀቱም አብሮ። ምክንያት፦ «በአሠሪው ትዕዛዝ ሥራው ስለቆመ»። ፊርማ አለው። ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ተመቷል፤ ሁለተኛው ለእኔ የታሰበ ይመስላል።

ቅዳሜ

የድርጅታችን ባለቤት ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። ጠበቃው ጋ ደወለ። ስልኩን ዘግቶ «ወረቀቱ ይሠራል» አለ፤ ሰዎቹ ይቆያሉ። እስከ መቼ? «አውሮፕላኑ እስኪነሳ።» አውሮፕላኑ መቼ ይነሳል? ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

ከመስፍን መልእክት ደረሰኝ፦ «በረራ ሲጀመር አንቺ እዚህ ግቢ አትረግጪም።» አምነዋለሁ። ቂም ሲይዝ ትጉህ ነው።

ለበያጆቹ ነገርኳቸው። አላጨበጨቡም። ጋሽ ከድር «አልሐምዱሊላህ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ የተጣላሽው ሥራችንን ለማስቆም ነው?»

«አዎ፣ ጋሽ ከድር።»

መኪናው ላይ ያለውን ብረት አዩት። «እንግዲያው እናውርደው» አሉ።

አሥራ ስምንቱም ተነሱ። ለማውረድ ስድስት ሰው ይበቃ ነበር። ማንንም ተቀመጥ አላልኩም።