የገዛሁበትና የወጣብኝ

ሰኞ፣ ኅዳር 4። ጠዋት 2 ሰ.

ደብተሬ፣ ዛሬም ስለ ጫማዬ አቤቱታ አለኝ። አዲሱ ጫማ ሲጥ ሲጥ ይላል። መስጊድ አርፍጄ ስገባ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዝም የሚለው ደረቁን የደቻቱን ወንዝ ሳቋርጥ፣ አሸዋው ላይ ብቻ ነው። ሚስቴ፣ ጫማው ከባለቤቱ ያነሰ ነው የሚያወራው ትላለች። እውነት ነዋ።

ትናንት ዘይነብ መጣች። የእህቴ ልጅ፣ አብቲ፣ አጎቴ፣ እያለች የምታሞላቅቀኝ። ከበረዶ ፋብሪካው አክሲዮኖቼ አሥሩን ሽጥልኝ አለች። በስሟ የተጻፈ አንድ ነገር እንዲኖራት ትፈልጋለች። ደላላው አንዱን በመቶ ሃያ ብር እሸጥልሃለሁ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ከዘመድ አላተርፍም። እናቷ ፊት ማልኩ፦ "ወላሂ በወጣብኝ ነው የምሰጥሽ፤ ሳንቲም አልጨምርም!" የገዛሁት አንዱን በመቶ ነው። ስለዚህ አንድ ሺህ ብር። ግማሹን ከስፌቷ አጠራቅማለች። ቀሪውን ጨምሬ ዓርብ አመጣለሁ አለች። ከየት ብዬ አልጠየቅኩም። ለሠርጓ ያሠራሁላት የወርቅ አምባር እጇ ላይ ያበራል።

ቸርነቴ እኔኑ አስደሰተኝ። እራት ደግሜ በላሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ወረቀቶቹን ላዘጋጅ ሳጥኑን ከፈትኩ። አክሲዮኖቹ ሃያ ናቸው። የገዛሁት አሥር። ለካ አምና ፋብሪካው ትርፉን በገንዘብ በመክፈል ፋንታ፣ በያንዳንዱ አክሲዮን ላይ አንድ ጨምሮልን ነበር። ያኔ ነፃ ነው ብዬ ፍየል አርጃለሁ።

ታዲያ ለዘይነብ የትኞቹን አሥር ልስጣት? የገዛኋቸውን ከሆነ፣ መቶ መቶ። የተጨመሩትን ከሆነስ፣ በባዶ? ባዶማ አይሆንም። ጭንቅላቴ እንደ ጫማዬ ሲጥ አለ። ሒሳብ የተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ይህ ገጽ አልደረሰኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6። ከሰዓት 10 ሰ.

ቀፊራ ገበያ ወረድኩ፣ አቡጀዲ የሚሸጠው አው ዩሱፍ ዘንድ። "አንድ የማውቀው ሰው አለ" ብዬ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ አወራሁት። የምታውቀው ሰው ጫማው ይጮሃል ወይ አለኝ፣ ይህ ሽማግሌ!

ከዚያ አንድ ጣቃ አወረደ። ይህን በመቶ ብር ገዛሁት እንበል፣ አለኝ። ተሸካሚው ሁለት ብር ወሰደ። ስንት ወጣብኝ? መቶ ሁለት። አሁን ለሁለት ቆረጥኩት። ግማሹን ለእህትህ ልጅ ስሸጥላት፣ ወላሂ መቶ ብር ነው የገዛሁት ልበላት?

"ሌባ ይሉሃል እንጂ!" አልኩት።

"ለዚያ ለምታውቀው ሰው እንዲሁ በልልኝ" አለ።

መንገዱን ሁሉ አሰብኩ። ለካ ፋብሪካው ምንም አልጨመረልኝም። ያንኑ ጨርቅ ነው የቆረጠው። ሺህ ብር ከፈልኩ፣ ለደላላና ለቴምብር ሃያ። ሺህ ሃያ ለሃያ ሲካፈል፣ አንዱ አምሳ አንድ። ለዘይነብ አሥሩ፣ አምስት መቶ አሥር። የገዛሁበት ሌላ፣ የወጣብኝ ሌላ። እኔ የማልኩት በሁለተኛው ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7። ጠዋት

አኩርፌአለሁ። መቶ ብላት እንኳ ከገበያው ሃያ ብር ዝቅ ያለ ነው። ታመሰግነኛለች። ማንም አያውቅም። የተቀበልኩት ወረቀት ላይ መቶ የሚል ቁጥር አለ፣ ባሳያትም አልዋሸሁም።

ዱዓ አድርጌ ተቀመጥኩ። አልሆነም። ቃሌ በወረቀቱ ላይ ስላለው ቁጥር አልነበረም። እናቷም ሰምታለች። ስህተቴን ብነግራቸው እህቴ አሥር ዓመት ትስቅብኛለች፤ ከገንዘቡ ይልቅ የከበደኝ እሱ ነው። ይሁን፣ ትሳቅ።

ወሰንኩ። ነገ ስትመጣ አምስት መቶ አሥር እላታለሁ። በመጀመሪያ ግን ትንሽ አስጨንቃታለሁ፣ ዋጋው ተለወጠ ብዬ ፊቴን እቋጥራለሁ። ይህችን እንኳ አትከልክለኝ፣ ደብተሬ።

በሩ ተንኳኳ። በዚህ ሰዓት ማን ነው? ሚስቴ ከፈተች። ወርቅ ሠሪው ሙሳ! ቤቴ መጥቶ አያውቅም። መሐረብ ውስጥ የጠቀለለውን ሲፈታ ከዚህ ይታየኛል። አምባሩ ነው። ዘይነብ አሁን ልትሸጥልኝ አመጣችው፣ እዚያው ሱቅ ትጠብቀኛለች፣ ያሠራው አብቲዋ ሳያውቅ ሚዛን ላይ አላስቀምጥም እያለ ነው።

ካጠራቀመችው አምስት መቶ ላይ የሚጎድላት እኮ አሥር ብር ብቻ ነው! ማስጨነቁ ቀረ። ጫማዬን አድርጌ ወደ ሱቁ ልሩጥ፣ ሲጥ ሲጥ ይበል!