ከሩቅ የመጣውን ብርሃን አንድ በአንድ የጠየቁት የእታለም የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም እታለም የምንላቸው እናታችን፣ አክስታችንና መምህራችን ከቀለም ቀቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በጥቅምት ወር 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤቷ ሁለት ክፍል ነበረች፤ አንዱ በጨርቅ፣ ሌላው በቀለም ቆርቆሮ የተሞላ። ከሰባት ልጆች ሦስተኛ ስለነበሩ ብቻቸውን መሆን ሲያምራቸው የሚገቡት የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ሥር ነበር።

በ1954 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። ጎበዝ ነበሩ ብቻ ብለን ብናልፍ እሳቸው ራሳቸው ይቆጡናል፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ በሒሳብ ወድቀው ዓመቱን ደግመዋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ደጋግመው እየሠሩ ሲያረጋግጡ ሰዓቱ አልቆባቸው ነው! በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፊዚክስ ተማሩ፣ ዶክትሬታቸውንም ይዘው በ1975 ዓ.ም. እዚያው ማስተማር ጀመሩ።

ባለቤታቸውን ያገኟቸው ደግሞ በዓመቱ የሕንፃው ሊፍት ተቆልፎባቸው ነው። የሊፍት ጠጋኙ ስንት ታግለው በሩን ፈልቅቀው ሲከፍቱ፣ እታለም ወለሉ ላይ ተቀምጠው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። «ቆይ አንዴ፣ ይቺን ልጨርስ» አሏቸው። ጠጋኙም መፍቻቸውን አስቀምጠው ጠበቁ። «እስክትጨርስ ብዬ ቆምኩ፤ ይኸው አርባ ዓመቴ፣ አልጨረሰችም» እያሉ ይቀልዳሉ። በ1977 ዓ.ም. ተጋብተው፣ ዛሬ ነርስ የሆነችውን አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ሥራቸውን ለሰው ማስረዳት ግን መከራ ነበር። እናታቸው «ልጄ ራጅ ታነባለች» ብለው ስላወሩ፣ ሰፈሩ የደረቱንና የጉልበቱን ራጅ ይዞ በራቸውን ያንኳኳ ጀመር። «እማማ፣ እኔ የማነበው የሩቅ ሰው ራጅ ነው» ብለው ይስቁና፣ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ሐኪም ቤት ድረስ ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር።

ያ የሩቅ ሰው ኳዛር ይባላል። እጅግ ሩቅ ባለ የከዋክብት ክምችት መሃል የተቀመጠ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያው ያለው ጋዝ ተውጦ ከመቅረቱ በፊት ይግልና ያበራል፣ ኤክስሬይም፣ ያንኑ የራጅ ጨረር፣ ይረጫል። ይህ ጨረር አየራችንን አልፎ መሬት ስለማይደርስ የሚታየው ሰማይ ላይ በሚዞር ቴሌስኮፕ ነው። እንደ ጎርፍ የሚመጣ ደግሞ አይምሰላችሁ። የእታለም ኳዛር ብርሃኑ ከተነሣ አስራ ሁለት ቢሊዮን ዓመት አልፎታል፤ ቴሌስኮፑ ሙሉ ቀን ቢያፈጥበት የሚይዘው የብርሃን ቅንጣት በጣት የሚቆጠር ነው።

በ1995 ዓ.ም. እታለምና አንዲት ተማሪያቸው አስራ አራት ቅንጣት አገኘን ብለው ጻፉ። ዩኒቨርሲቲው ደገሰላቸው። ተማሪዋ በዚሁ ሥራ ዶክትሬቷን ልትይዝ ሦስት ወር ቀርቷታል። አንድ ጠዋት ግን እታለም ዝርዝሩን መልሰው ሲያዩት፣ ዘጠኙ በቴሌስኮፑ ካሜራ አንዲት ነጥብ ላይ፣ በየሦስት ሰከንዱ ተከታትለው የወደቁ ሆነው ተገኙ። ሌላ ጨረር ያቺን ነጥብ መትቷት፣ እሷ ስታቃስት እነሱ ብርሃን መጣ ብለው ቆጥረው ኖሯል። የቀሩት አምስቱም በዙሪያው ከተበተነው ተራ ጨረር አይለዩም።

የክፍሉ ኃላፊ «አሁን ማን ያውቃል? ልጅቷ ትመረቅ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ታስተካክያለሽ» አሏቸው።

«ያን ያህል ዘመን የተጓዘ እንግዳ ተሰልፎ አንድ ወንበር ላይ አይቀመጥም» አሉ እታለም። «ማን ያውቃል ላልከው፣ እኔ አውቄያለሁ።»

ጽሑፉን ሰረዙት። ያጣራሁት እኔ ነኝ፣ ስህተቱም የኔ ነው ብለው በስማቸው ማረሚያ አወጡ። ተማሪዋ አኮረፈች፤ አራት ወር ሙሉ ሰላም አላለቻቸውም። እሳቸው ግን ብትመልስም ባትመልስም ሰኞ ሰኞ ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቧ እየተቀመጡ አዲስ ሥራ አስጀመሯት፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ተመረቀች።

ከዚያ ወዲህ «በረኛዋ» የሚል ስም ወጣላቸው። እያንዳንዷን ቅንጣት በእጃቸው ወረቀት ላይ ይጽፉና፣ ከየት መጣሽ፣ ስንት ሰዓት ገባሽ፣ ከማን ጋር ነሽ እያሉ ይመረምሯት ነበር። የእሳቸው ኳዛር በኤክስሬይ ያበራል ወይስ አያበራም? ይህን ሳያውቁ ማለፍ አልፈለጉም። ቴሌስኮፑ ዳግም እንዲያይላቸው አራት ጊዜ ጠይቀው አራት ጊዜ ተከለከሉ። በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡም ጥያቄው አልተመለሰም።

በ2015 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ያዛቸው። በቀጣዩ ዓመት ያቺ ያኮረፈች ተማሪ፣ አሁን ራሷ መምህርት ሆና፣ በራሷ ስም ጠይቃ ተፈቀደላት። ቴሌስኮፑ ሦስት ቀን ሙሉ አየ። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዝርዝሩን ይዛ እታለም የተኙበት ሆስፒታል እየሮጠች ገባች።

«መምህር! አስራ አንድ አሉ!»

«ገና አንድም የለም። ቁጭ በይና አንብቢልኝ።»

አቅማቸው ስለደከመ በቀን ሁለት ብቻ ይመረምሩ ነበር። በአምስተኛው ቀን አስሩ ቅንጣቶች ምርመራውን አለፉ። አንዷም አንድ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም፤ ሰዓታቸውም የተራራቀ ነው። ተማሪዋ እንባዋ እየመጣ «አስር እኮ ይበቃናል፤ ያበራል ማለት ነው፣ ይረፉ» አለቻቸው።

«ማብራቱንስ ያበራል» አሉ ፈገግ ብለው። «ቢሆንም አንዷን ውጭ አቁሞ መተኛት ነውር ነው። ነገ።»

በማግስቱ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ አራት እህትና ወንድሞቻቸውን፣ እንዲሁም ስማቸውን ጠርቶ የማይጠግብ ብዙ ተማሪ ትተውልናል።

አስራ አንደኛዋን ተማሪያቸው ትናንት ከሰዓት ብቻዋን ተቀምጣ፣ እሳቸው እንደሚጠይቁት ጠየቀቻት። ከኳዛሩ አልነበረችም፤ ሰረዘቻት። ጽሑፉ በሁለቱም ስም፣ በአስር ብቻ ይወጣል።

ፈጣሪ የእታለምን ነፍስ እውነት ከማያልቅበት ቤቱ ያስገባልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።