ለሬዲዮዬ የነቀልኳት ሽቦ

ወንድሜ፣
የፕሮግራም ኮድህን እንዳትነካው። ደህና ነው፤ ድሮም ደህና ነበር።

እዚህ ቤት የምንሠራባቸው ሁለቱ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች አልግባባ ያሉት ግራውንዳቸው፣ ሁለቱም ቮልቴጅ የሚለኩበት የጋራ ዜሮ፣ ስላልተገናኘ ነው። የምታገናኛቸውን ጥቁር ሽቦ ባለፈው ሳምንት ለሬዲዮዬ ነቅዬ ወስጄ ረሳኋት። ዛሬ ጠዋት ሬዲዮውን ስፈታው አየኋትና ክው አልኩ። መልሼ ሰክቻታለሁ፤ አሁን ከአንዱ የተላከው ቁጥር ሌላው ጋ ሳይዘባረቅ ይደርሳል።

ትናንት አለቃችን ፊት «ጥፋቱ የኮዱ ነው፣ እሱ አይችልበትም» ስል አንገትህን ደፋህ። ምናለ አንዴ እንኳን «አንተስ ሽቦህን አይተሃል?» ብትለኝ!

ሻይ በፔርሙዙ አለ።

ዓይንህን ማየት አፍሬ ሳትነሳ ወጥቻለሁ። ቢሮ ቀድሜህ ገብቼ ለአለቃችን ራሴ እነግረዋለሁ። አንተ ትንሽ አርፍደህ ና፤ አንገቴን ስደፋ እንዳታየኝ።