የተዘጋው ኢሜይል

ማርች 9። የእኔና የቨርሊን ኢሜይል ሰኞ ዕለት ተዘጋ።

እህቴ ሎርና፣ አሪዞና እንዴት ይዞሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። በረዶው ባይቀልጥም መንገዱ ተጠርጓል።

ባሌ ቨርሊን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየድረ ገጹ ሲያስመዘግበን የተጠቃሚ ስም አድርጎ የሚያስገባው የስልክ ድርጅቱ በነጻ የሰጠንን ያንን አንድ ኢሜይል ነበር። ድርጅቱ አገልግሎቱን አቆመ። የመብራቱንና የዘር መሸጫውን ምዝገባ በአዲስ ኢሜይል ቀየርኩ። የሆስፒታሉ ግን እምቢ አለ። የምርመራዬ ውጤት ያለው እዚያ ነው።

አሁን ላይብረሪ ነኝ። ሠራተኛዋ ማርሊስ እየሞከረችልኝ ነው።

«ማረጋገጫ ቁጥሩን ወደ ድሮው ኢሜይልሽ ልከናል ይላል።»

«ተዘግቷል አልኩሽ እኮ!»

«ለእኔ መንገር ምን ያደርጋል? ለእሱ ንገሪው» ብላ ኮምፒዩተሩን አሳየችኝ። «ደግሞ ምን አጣደፈሽ? ስልክ ይደውሉልሽ የለ?»

ደውለዋል። ከሆስፒታሉ የደወለችው ልጅ ውጤቱን ገጹ ላይ አንብቢና ሐሙስ ሰው ይዘሽ ነይ አለችኝ። ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ አልጠየቅኳትም።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሽ ነበር። ቀደም ብለሽ ብትመጪም የትንሿ ክፍል አልጋ ተነጥፏል።

ማርሊስ ለአምስተኛ ጊዜ እየሞከረች ነው። እኔ ኮቴን ለብሻለሁ። ሆስፒታሉ አሥራ ሁለት ማይል ቢሆን ነው፤ ሄጄ ስሜን በአፌ እነግራቸዋለሁ።

«የት ነው? ገና አልጨረስንም እኮ!» እያለችኝ ነው።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ይህን ደብዳቤ በመንገዴ ፖስታ ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ።

እህትሽ ኢዲት